ዘርፌ የሚል ካርድ ይዤ ወደ ሸቤ

ሸቤን በስም እንኳ የማታውቋት ብትሆኑ አይፈረድባችሁም። እኔም ከዚያ በመጣች ልጅ ሰባት ዓመት ሙሉ ቤቴን አስይዤ ስኖር ከተማዋን ለማየት አስቤ አላውቅም፤ ያየኋት ባለፈው ጥቅምት ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ሰቃን አልፎ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። የሄድኩት ለሽርሽር ሳይሆን አንድ የስድስተኛ ክፍል ካርድ ለባለቤቷ ለማድረስ ነው።

ዘሀራ እኔ ቤት ስትመጣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ለመስክ ሥራ ወደዚያ በሄደ ጊዜ አባቷን "እናስተምራታለን" ብሎ አመጣት። ቃሉን የሰጠው እሱ ይሁን እንጂ ልጅ አምጣልኝ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማረች። ከዚያ ሦስተኛ ልጄ ተወለደና "ለዘንድሮ ይቅርብሽ" አልኳት፤ ያ ዘንድሮ ሦስት ዓመት ፈጀ። በዚያው ሦስት ዓመት እኔ ሕፃኑን ለእሷ እየተውኩ በማታ ትምህርት ዲፕሎማዬን ጨረስኩ። አሥራ ዘጠኝ ሲሞላት ወደ አገሬ ልሂድ አለችና ካርዷን ጠየቀችኝ። ጠፍቶብኛል አልኳት። ውሸቴን ነው፣ ቁም ሳጥኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ካርዱ ከሌላት የትም ስለማትገባ ተመልሳ ወደ እኔ ትመጣለች ብዬ ነው ያስቀረሁት።

አልተመለሰችም። አግብታ ወለደች፤ በዓል በመጣ ቁጥር እየደወለች "እትዬ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?" ትለኛለች። በጥቅምት መጀመሪያ ግን የደወለችው ለሌላ ነገር ነበር። ሸቤ ውስጥ ለትልልቅ ሴቶች የቅዳሜና የእሁድ ትምህርት ተከፍቷል። ሰባተኛ ክፍል ለመግባት የስድስተኛው ካርድ፣ ያውም ዋናው፣ ይፈለጋል፤ ምዝገባውም በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ያበቃል። "ምናልባት ካርዴ ተገኝቶ ይሆን?" አለችኝ። እስቲ ልፈልገው አልኳት፣ የት እንዳለ የማላውቅ መስዬ።

በአውቶቡስ ሹፌር እጅ መላክ ይቻል ነበር። ግን አሥራ አምስት ዓመት የደበቅሁትን ነገር በሹፌር እጅ መስደድ ነውር መሰለኝ። ደግሞ ሌላም ሐሳብ ነበረኝ። ሂክማ የምትባለው ልጇ ስምንተኛ ክፍልን አልፋለች፤ እሷን ወደ አዲስ አበባ አምጥቼ በደንብ ባስተምራት ያለፈውን የምክሰው መሰለኝ።

ማክሰኞ

ጎሕ ሳይቀድ ማሚቱ ዳቦና ሻይ አቀረበችልኝ፣ ሻንጣዬንም እስከ ታክሲው ተሸክማ ሸኘችኝ። ማሚቱ የቤት ሥራ የምታግዘኝ ልጅ ናት፣ ከመጣች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ከዋዜማው ልጆቼ ይተኙበት የነበረውን ክፍል አስጸድቻት አልጋውን ስታነጥፍ፣ ለማን እንደሆነ ጠይቃኝ ነበር። ለተማሪ ነው አልኳት። እሺ ብላ ትራሱን ደለደለች።

አውቶቡሱ ወሊሶን በጊዜ አልፎ ወልቂጤ ላይ ለምሳ ቆመ። አዲስ አበባ ክትፎ ልብላ ብል አስተናጋጁ በእግሬ ጫማ ይለካኛል፤ ወልቂጤ ግን ብቻዬን መቀመጤን ያዩ ሁለት ሴቶች ገበታቸውን ወደ እኔ አስጠግተው አብረን በላን። የጊቤን ቁልቁለት ወርደን ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ ጋለና ሁላችንም ወርደን ጥላ ፍለጋ ተበተንን። ሹፌሩ ውኃ እስኪያመጣ ድረስ ቦርሳዬን እየከፈትኩ ካርዱን ሁለት ጊዜ አየሁት። አንዴም ግን አውጥቼ አላነበብኩትም፤ የዚህን ጥፋት ዋጋ ሐሙስ ከፈልኩ።

ጅማ የደረስነው ሰማዩ ጠቁሮ ሊዘንብ ሲል ነው። ያደርኩት ጊንጆ ጉዱሩ በሚባለው ሰፈር፣ የባለቤቴ የአጎት ልጅ ወይዘሮ አልማዝ ቤት ነው። ወላጆቿ በመንግሥት ሥራ ከሸዋ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው፤ እሷ ኦሮምኛና አማርኛውን በአንድ ትንፋሽ ታስኬደዋለች። ከጓሮዋ ዛፍ የወደቀውን አቮካዶ ላሚቱ ስትበላ አይቼ ሰፈሬ ባለው አትክልት ቤት አንዷን ፍሬ እንዴት እንደምንከራከርባት አሰብኩ። ስለ ጉዞዬ ስትጠይቀኝ፣ "እንደ ልጄ ያሳደግኳትን ልጠይቅ" አልኳት። አልማዝ ባርካ አመሰገነችኝ፣ እኔም ምስጋናውን ተቀብዬ ተኛሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ሚኒባሱ ሰቃ ላይ ተሳፋሪ ለማውረድ ሲቆም እግሬን ላፍታታ ብዬ ወረድኩ። ዝናቡ ያቦካው ቀዩ ጭቃ የቀኝ ጫማዬን ሶል ቀርጥፎ አስቀረው። ከአዲስ አበባ ሱቅ "ኦርጅናል ነው" ተብዬ የገዛሁት ነበር። ረዳቱ ሶሉን ከጭቃው ነቅሎ በክብር አስረከበኝ፣ ተሳፋሪውም እየሳቀ ገመድ አዋጥቶ አሰረልኝ። ሸቤ የገባሁት እንዲህ እያነከስኩ ነው።

ዘሀራ መናኸሪያው አጠገብ ቆማ ትጠብቀኛለች። ሞልታለች፣ ፊቷ ላይ የሚያምር እርጋታ ወርዷል። "ባጋ ነጋን ዱፍተን" ብላ እንኳን ደህና መጡ አለችኝና ከዚያ ወደ አማርኛው ገባች፤ እጄን ልትስም ስትጎነበስ እኔ አቀፍኳት። ጫማዬን አይታ ከጎረቤት ሱቅ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። እግሯ ላይ ያለውን ጥቁር የላስቲክ ጫማ አውልቃ አደረገችልኝ፣ እሷ ከባለሱቋ ነጠላ ጫማ ተዋሰች። ልክ ሆነኝ። እኔ ቤት ሳለች እኔ የጠገብኩትን ጫማ ነበር የምሰጣት፤ የእግራችን ልክ አንድ እንደሆነ የማውቀውም በዚያ ነው።

ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ከቡናው መሐል ነው። ግቢው ውስጥ በረጃጅም የእንጨት አልጋዎች ላይ ቡና ተሰጥቷል፤ ባሏ ነዚፍ በእጁ እያገላበጠ ነበር። ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ምሳ ሲቀርብ የተቀቀለ ጎደሬ፣ ጎመንና ሽሮ ሆነ። ዘሀራ፣ "ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ይጾማሉ ብዬ ነው" አለችኝ። ወተቱም እርጎውም ከእኔ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። እሷ እኔ ቤት በኖረችበት ሰባት ዓመት ረመዳን የሚገባበትን ቀን አንድም ጊዜ ጠይቄያት አላውቅም።

ካርዱን ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያም ቁርአን ከሚቀመጥበት መደርደሪያ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ አኖረችው። የት እንደተገኘ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም። ይልቅ ስለ ሂክማ ጀመርኩ። ክፍሉ መሰናዳቱን፣ አዲስ አበባ ጥሩ ትምህርት ቤት መኖሩን፣ ሹራብና ቦርሳ ገዝቼ መምጣቴን አከታትዬ ነገርኳት። ሂክማ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ነዚፍ ሚስቱን አየ።

ዘሀራ ሳህኑን አነሳሳችና ተቀመጠች።

"እትዬ፣ አይቀየሙኝ" አለችኝ። "ሂክማ ከዚህ የትም አትሄድም። እኔም የሄድኩት እኮ 'እናስተምራታለን' ተብዬ ነው።"

ሹራቡን ለሂክማ አውጥቼ ሰጠኋት። የተናደድኩት በዘሀራ አልነበረም፤ ደግነቴን ተሸክሜ አራት መቶ ያህል ኪሎ ሜትር መምጣቴ በራሴ አናደደኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ዘሀራና እኔ ትምህርት ቤቱ ሄድን። መዝጋቢው ወጣት ነው፣ ትሑት። ለእኔ ወንበር ጎትቶ አስቀመጠኝና ከዘሀራ ጋር በኦሮምኛ ተነጋገሩ። ትምህርቱ በኦሮምኛ ስለሆነ በቁቤ ማንበብ መቻሏን ሊያይ መጽሐፍ ሰጣት፤ ሳታቋርጥ አነበበችለት። ፊደሉን ከሂክማ ደብተር እንደለመደችው በኋላ ነገረችኝ። ደስ ብሎት ካርዱን ተቀበላት፣ ገለጠው፣ መታወቂያዋን አየ፣ መልሶ ካርዱን አየ።

"ይሄ የሌላ ሰው ነው" አለ።

ካርዱ "ዘርፌ ታደሰ" ይላል።

ታደሰ ባለቤቴ ነው። ዘርፌ ደግሞ እኔ ያወጣሁላት ስም ነው። አዲስ አበባ ስንቶቻችን ይህን እንዳደረግን እናውቃለን። ልጅቷ በመጣች በሳምንቷ ለእኛ አፍ የሚቀል፣ ከሰፈሩ የሚመሳሰል ስም እንሰጣታለን፣ እሷም ትለምደዋለች። ትምህርት ቤት ላስመዘግባት ስሄድ የአባቷን ስም ጠየቁኝ። አላውቀውም ነበር። መልሶ ከመምጣት ብዬ የባለቤቴን ስም አስጻፍኩና ተገላገልኩ። አሥራ አምስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ካርድ ሳስቀምጥ የማን ስም እንዳለበት ረስቼዋለሁ። ዘሀራ ስሙን ብታስታውስም ያስቸግራል ብላ አልጠረጠረችም።

መዝጋቢው አላመናጨቀንም። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ያስመዘገባት ሰው ራሱ በጽሑፍ ከመሰከረ፣ ሦስት የአካባቢ ሰዎች ዘሀራን አውቃታለሁ ብለው ከፈረሙና ቀበሌው ካተመበት እቀበላለሁ አለ። ነገ ግን የጁምዓ ሶላት ከመድረሱ በፊት መዝገቡን ይዘጋል። ምስክሮችን በኦሮምኛ ሲዘረዝርላት የዘሀራ ፊት ሲለወጥ አየሁ።

ምክንያቱን የነገረችኝ ከሰዓት ቡና ስንለቅም ነው። ቀዩ ቡና ቀን አይሰጥም፤ ዛሬ ካልተለቀመ ዛፉ ላይ ይደርቃል፣ ስለዚህ ትምህርትም ኖረ እንግዳ መጣ ለቀማው አይቆምም። ስለዚህም ነው በጥቅምትና በኅዳር የብዙ ልጃገረዶች ወንበር ባዶ የሚሆነው፤ ዘሀራ ግን ሂክማን በትምህርት ቀን ለቀማ ላይ አላዋለቻትም። እኔ ቅርጫት አንግቼ ከሦስት ፍሬ አንዷን አረንጓዴ ስቀጥፍ ታርመኛለች።

ለአገሩ ሁሉ የነገረችው አክስት ከምትላት ሴት ጋ ሆና እንደተማረች ነው። አባቷም ልጄ አዲስ አበባ ተማረች እያሉ በየለቅሶው በየሠርጉ ሲያወሩ ኖረዋል። አንደኛው ምስክር ደግሞ አባቷ መሆን አለባቸው። ነገ የሚነበበው ወረቀት እውነቱን ከተናገረ ሠራተኛ ሆና መኖሯን አባቷ በሰው ፊት ይሰማሉ። ከዋሸ ደግሞ ስሙ የተለወጠበትን ምክንያት አያስረዳም።

"ብተወውስ?" አለችኝ። "ሂክማ ትማር ይበቃኛል፣ ወላሂ።"

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። ካርድሽ ጠፍቶብኝ አያውቅም፣ ሆን ብዬ ነው ያስቀረሁብሽ አልኳት። እጇ ቅርንጫፉ ላይ ቆመ።

"አውቅ ነበር እኮ" አለች። "መሳቢያውን የማጸዳው እኔ ነበርኩ።"

"ታዲያ ለምን አልወሰድሽውም?"

"እርስዎ ይሰጡኛል ብዬ።"

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ቅርጫቴ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ፍሬ እየመረጠች ማውጣት ጀመረች። ፀሐይ ሳይጠልቅ ቤት ገብቼ ከሂክማ ደብተር አንድ ሉክ ለምኜ የነገውን ወረቀት ጻፍኩ። ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ፤ እንደዚያ ያስቸገረኝ ደብዳቤ አላስታውስም።

ዓርብ

ቀበሌው በር ላይ ስንደርስ ሁለቱ ምስክሮች ቀድመውናል። አፎሻ ከሚሉት፣ በእኛ ዕድር ከሆነው ማኅበራቸው የመጡ ሴት ጎረቤቶች ናቸው። የራሳቸውን ለቀማ ጥለው መምጣታቸውን ከቅርጫታቸው አወቅሁ። እኛ ሰፈር ምስክር ሁኑልኝ ብል የሚመጣው ሰው መጀመሪያ ነገ ይሆናል ወይ ይለኛል። የዘሀራ አባት አባፊጣ በዱላቸው ተደግፈው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤቴን ያስታውሱታል፤ መሞቱን ስነግራቸው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት። ያ ከምንም በላይ ከበደኝ።

የቀበሌው ጸሐፊ ቅጹን መሙላት ጀመረ። ስሜን፣ አድራሻዬን ጻፈ። ከዚያ "ከአመልካቿ ጋር ያለዎት ዝምድና?" አለኝና መልሱን ሳይጠብቅ፣ "አክስት ልበል?" ብሎ እስክሪብቶውን አሰናዳ። ዘሀራ መሬት መሬት ታያለች።

"አሰሪ" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ጻፈው። ወረቀቴን በአማርኛ አነበብኩ፣ እሱ አረፍተ ነገር በአረፍተ ነገር ለሽማግሌውና ለሴቶቹ በኦሮምኛ መለሰው። አስተምራለሁ ብዬ እንዳመጣኋት፣ ስሟን ራሴ እንደለወጥኩ፣ የአባቷን ስም ሳልጠይቅ የባሌን እንዳስጻፍኩ፣ ስድስተኛ ክፍል ስትጨርስ ልጄን እንድትይዝልኝ እንዳስቀረኋት፣ እሷ ልጄን ስትይዝ እኔ ዲፕሎማዬን እንደጨረስኩ፣ ካርዷንም እንደደበቅኩባት። ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ጸሐፊው የመጨረሻውን ሲተረጉም ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። አባፊጣ ልጃቸውን እንጂ እኔን አላዩም። ጥቂት ቃል ተናገሩ፤ ጸሐፊው ወደ እኔ ዞሮ፣ "ስሟን ያወጣሁት እኔ ነኝ ይላሉ" አለኝ። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙ። ሴቶቹ ፈረሙና ቅርጫታቸውን አንስተው ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ማኅተሙን ይዘን ትምህርት ቤት ስንደርስ መዝጋቢው ለሶላት ሊወጣ በሩን ሊቆልፍ ነበር። ወረቀቱን አነበበ፣ መዝገቡን መልሶ ከፈተና "ዘሀራ አባፊጣ" ብሎ ጻፈ። ዘሀራ አንገቷን አስግጋ ስሙ በትክክል መጻፉን አየች። አልሐምዱሊላህ አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። እኔ ያን ቀን በእሷ ጫማ ቆሜ ነበር፣ ጫማውም እንደ እኔ ጭቃ በጭቃ ነበር።

ምሳ ላይ አባቷ መጡ። ቂም ያዙብኝ እንደሆነ አላወቅሁም። ግን ጎደሬውን ልጠው ከፊቴ አስቀመጡልኝ፣ እኔም በላሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ነዚፍ ቡናውን ሲያሰጣ፣ ዘሀራ በሂክማ አሮጌ ቦርሳ ሁለት ደብተር ይዛ ወጣች። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኘኋት። ሕፃን ያዘሉም፣ ዕድሜያቸው ከእኔ የማይርቅም ሴቶች እየገቡ ነበር። አንዷ ደጃፉ ላይ ቆማ ልግባ አልግባ ስትል ዘሀራ እጇን ይዛ አስገባቻት። ከዚያ ወደ እኔ መለስ ብላ ጫማውን አድርጌ እንድሄድ፣ ሲመጡ ይመልሱታል አለችኝ። ሲመጡ ማለቷን መንገዱን ሁሉ ሳስበው ዋልኩ።

ሻንጣዬ በአቮካዶና በማር ሞልቶ ጅማ ገባሁ። አልማዝ ስትቀበለኝ፣ ዘሀራን እንደ ልጄ እንዳላሳደግኳት ነገርኳት። ሰማችኝና እራት አቀረበች። እሁድ ማለዳ ተሳፍሬ አመሻሹ ላይ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ማሚቱ በሩን ከፍታ ሻንጣውን ተቀበለችኝ። የመጣሁት ብቻዬን መሆኑን አይታ፣ "ተማሪዋስ?" አለችኝ። ለተማሪ ያነጠፈችው አልጋ እንደተነጠፈ ነበር።

ሰኞ

ይህ ቀን ከጉዞው ይቆጠር አይቆጠር እንጃ። ከሰዓት ማሚቱን ልበሺና ተከተይኝ ብዬ ለማታ ክፍል ምዝገባ ወደ ሰፈራችን ትምህርት ቤት ሄድን። ዘግይታችኋል አሉን እንጂ አልመለሱንም። መዝጋቢዋ ወረቀት አወጣችና ወደ እኔ እያየች፣ "ስም?" አለች።

አፌን ከፈትኩ። ማሚቱ ከሚለው በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም፤ እሱንም ከመምጣቷ በፊት ከነበረችው ልጅ ያስተላለፍኩላት ነው። ሦስት ዓመት እንጀራዬን የጋገረችልኝ ልጅ አጠገቤ ቆማለች።

ልጅቷ ግን እጇን በነጠላዋ ሥር አስገብታ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ጠርዙ ከመታጠፍ ብዛት ሊበጠስ የደረሰ የአምስተኛ ክፍል ካርድ ነው። ከአገሯ ስትመጣ ይዛው መጥታ፣ ለእኔ ሳትሰጥ፣ ሦስት ዓመት ፍራሿ ሥር አኑራዋለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ እኔም ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ላይ አነበብኩ። ካርዱ "ትርንጎ አለልኝ" ይላል።